ለአራስ ቤት የተቀመጠው ገብስ

መከራ ሰውን ያጠነክራል የሚለኝን ሰው አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ ምሳህን በልተሃል? ብዙውን ጊዜ በልቶ ነው የሚመጣው። ሆዱን ሞልቶ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው ስለ ጽናት የሚያስተምረኝ። እግዚአብሔርን አልክድም። ጠዋት ስነሣ አማትባለሁ፣ ጾም አልሽርም። ግን በእሱ ስም ከተነገሩኝ ነገሮች ውስጥ እስከ ዛሬ ያልተዋጠልኝ አለ፤ የምጽፈው እሱን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ ይጎረብጣል። ይቅርታ አልጠይቅም፤ ኑሮውም ጎርባጣ ነበር።

ጊዜው ፌዴሬሽኑ ፈርሶ፣ ባንዲራው ወርዶ፣ አስመራ የንጉሡ ግዛት ከሆነች በኋላ ነው። በከተማዋ ጸጸራት ሰፈር ከአንድ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ከሚስቴ ጋር እንኖር ነበር። የምሠራው እምነ በረድ የሚቆረጥበት ፋብሪካ ነው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ወደ መጋዝ እገፋለሁ፣ ማታ ነጭ አቧራ ለብሼ እገባለሁ። ሚስቴ «ዱቄት ነጋዴ ያገባሁ ይመስላል» እያለች በር ላይ ታራግፈኝ ነበር። ያኔ ትቀልድ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ስንደርስ መጋዙ ዝም ብሏል። ፓድሮነ የምንለው ጣሊያናዊው ባለቤት ዕቃውን በሣጥን ያሳሽጋል። አገሩ ሊገባ ነው። እያንዳንዳችንን ጨበጠና «ጎበዞች ነበራችሁ» አለን። እጁ ለስላሳ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ ያተረፍኩት የለስላሳ እጅ ሰላምታ ነው።

ሥራ ፍለጋ ያልረገጥኩት ቦታ የለም። አንድ የመንግሥት መጋዘን ዘበኛ ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። በር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አማርኛ ታነባለህ?» አለኝ።

«አላነብም ጌታዬ። ጉልበት ግን አለኝ።»

«ጉልበትማ በቅሎዬም አላት» አለ። አጠገቡ የቆሙት ሳቁለት። እኔም ሳቅሁ፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው የማይስቅበት ነገር የለም።

በዚያው ሰሞን ጽዋው ቤታችን ነበር። የእመቤታችን ማኅበር አባላት ነን። በየወሩ በበዓሏ ቀን በአንዱ አባል ቤት እንሰበሰባለን፤ የንስሐ አባታችን ይጸልያሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ጽዋ ተቀብሎ ቤቱ የወሰደ ሰው በወሩ ይደግሳል። የተቀበልነው መጋዙ ዝም ከማለቱ በፊት ነው። ሚስቴ በጥልፍ ያሳመረችውን ነጭ ጨርቅ አልብሳ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣዋለች፤ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ትሳለመዋለች።

ሚስቴ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቷል። እናቷ ከገጠር አንድ ከረጢት ገብስና አንድ ማሰሮ ቅቤ ልካላታለች። ለአራስ ቤቷ ነው። በእኛ አገር አራስ ጉልበቷ የሚመለሰው፣ ጡቷም የሚሞላው በገዓት ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ገንፎ ይለዋል። ከረጢቱን አልጋ ሥር ከታ፣ እኔን እንኳ አላስነካም ብላ ነበር።

የበዓሉ ቀን ሲቀርብ «አባን ልንገራቸውና ተራውን ያሳልፉልን» አልኳት።

«ምን ብለህ?»

«የለንም ብዬ ነዋ።»

«ጽዋ ተቀብለን? እመቤታችንን ቤታችን አስገብተን፣ አሁን ደግሞ ውጪልን ልንላት ነው?»

«እሷ እኮ ጓዳችንን ታያለች። የለም ቢሏት ትረዳለች።»

«እሷ ትረዳለች፤ ሰው አይረዳም» አለችና ከረጢቱን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። «በእሷ በዓል ባፈርኩበት ቤት አልወልድም።»

ገብሱ ለስዋ፣ ማለትም ለጠላ፣ ተጠመቀ፣ የተረፈው ተፈጭቶ ቂጣ ሆነ። ቅቤው ወጡ ላይ ፈሰሰ። ማኅበርተኞቹ መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ። ጥራቮሎ ሰፈር ልብስ የሚሰፋ አንድ ቀልደኛ ማኅበርተኛ ነበረን፤ ቅቤው በጣቱ ሲወርድ እያየ «አንተ ሰውዬ፣ ፓድሮነህ ሲሄድ ካዝናውን ላንተ ትቶልህ ነው እንዴ?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሚስቴም ሆዷን ደግፋ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች። ያን ሳቅ ሳስበው እስከ አሁን ጥርሴን እነክሳለሁ።

አባም ተነሡና «ይህን ቤት እዩ» አሉ። «ሥራው ቆሟል፤ እሷ ደርሳለች፤ የእመቤታችን ጽዋ ግን አልጎደለም። ጽናት ማለት ይህ ነው። እግዚአብሔር የሚወደውን ይፈትናል፣ ፈትኖም ያጠነክራል።» ሁሉም «አሜን» አሉ፤ እኔም «አሜን» አልኩ። ጽዋው ለልብስ ሰፊው ተሰጠ። ሚስቴ ጨርቋን ገፈፈችና አጥፋ አስቀመጠች፤ ጽዋውን የሚያለብሰው የየቤቱ ጨርቅ ነው።

በሳምንቱ ሴት ልጅ ተወለደች።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ጠባይ ያላወቀ የሆነውን ነገር አይረዳውም። ቤቷ ለጎደለባት አራስ፣ የእኛ ጎረቤት ዱቄት በነጠላው ሸፍኖ በጓዳ በር ያስገባል። ማንም አላየም፣ ማንም አልሰማም። ቤቱ ሙሉ ለሆነ ሰው ግን ዱቄት ማምጣት ስድብ ነው፤ ራበህ ማለት ነው። የእኛን ቤት ደግሞ ባለፈው ሳምንት ቅቤ ሲፈስበት አይተውታል። ስለዚህ ሴቶቹ እልል ብለው ገቡ፣ ባዶ እጃቸውን ተቀመጡ፣ ገዓቱን ጠበቁ። ሚስቴም እኔ በቀን ሥራ ያመጣሁትን ጥቂት ዱቄት አገንፍታ አቀረበችላቸው። ለራሷ «ቅድም በልቻለሁ» አለች። በማግስቱም ለሌሎቹ እንዲሁ አለች።

ጡቷ ደረቀ። ልጅቷ መጀመሪያ ትጮህ ነበር፤ እየቆየች ድምጿ ቀጠነ፤ በኋላ እንደ ድመት ግልገል ሆነ። ሥራ የተገኘ ቀን ከመኪና ጭነት አወርዳለሁ፣ ያልተገኘ ቀን ፌርማታ ላይ ቆሜ እመለሳለሁ። የማመጣው እንኳን ለጡት ለቁርስም አይበቃም።

በዚያው ግቢ አንድ የጦር ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ከመረብ ማዶ የመጡ ናቸው። የግቢው ሴቶች ከሰላምታ ያለፈ ነገር ከሷ ጋር የላቸውም፤ ማኅበርም አልጠሯት። የባሏን መለዮ ሳይ እኔም ፊቴን አዞር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ቆመችና ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«አንተ ሰውዬ፣ የዚች ልጅ ለቅሶ አላማረኝም። ሚስትህ ዛሬ ምን ቀመሰች?»

አማርኛዬ ያኔ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው። «ደኅና ናት። እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።

«እግዚአብሔርንማ እኔም አመሰግነዋለሁ። የጠየቅሁህ ስለ ምሳ ነው።»

ሄደችና በሳህን አጥሚት ይዛ ተመለሰች። ሚስቴ «ኣይፋል፣ የቐንየለይ» አለች፣ አይ፣ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ሴትዮዋ ትግርኛ አልገባኝም ብላ አፏ ላይ ደቀነችላት። ገብቷት ነበር። ሚስቴ ጠጣች። ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ አየሁት።

በማግስቱ ሚስቴ ሳህኑን አጠበች። ባዶ ዕቃ አይመለስም ብላ የቀረችንን አንዲት እፍኝ ሽምብራ አድርጋበት ሰደደችኝ። የሃምሳ አለቃው ሚስት ሽምብራውን አየች፣ እኔን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው? እናንተ ሰዎች ኩራት እየላሳችሁ ነው የምታድሩት?»

«ልማድ ነው» አልኳት።

«ልማዱ ልጅቷን ሊቀብራት ነው። እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ፤ ባሌ ነገ ሂድ ቢባል ነገ የለሁም። አንተ ወገን የለህም?»

ወገንማ ነበረኝ። ቅቤዬን በልቶ ያመሰገነኝ ወገን። እሷ ከዚያ ድግስ ስላልቀመሰች ነው ረሃባችንን ያየችው። ሌላ ምክንያት የለውም።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። ተራው የልብስ ሰፊው ነው። ሚስቴ ገና በአራስ ቤት ስለሆነች ብቻዬን ነው የምሄደው። ከበር ሳልወጣ ጠራችኝ።

«ከጠየቁህ ደኅና ናት በላቸው። ሌላ ቃል እንዳይወጣህ።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ስላት ግን እንደማልፈጽመው አውቅ ነበር።

ጥራቮሎ ስደርስ ጸሎቱ አልቋል። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ ሳልጠጣ መሬት ላይ አስቀመጥሁት። ጽዋ መሬት አይቀመጥም።

«ምነው ልጄ?» አሉ አባ።

«አባ፣ እኔ እዚህ ልጠጣ፣ ቤት ልጄ በረሃብ እየሞተችብኝ ነው።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። «ኧረ ተው! ባለፈው ወር ያን ሁሉ አብልተኸን!»

«የበላችሁት የአራስ ቤቷን ገብስ ነው። በጣትህ ይወርድ የነበረውም የአራስ ቤቷ ቅቤ ነው።»

ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ልብስ ሰፊው ጣቱን አየ፤ በእውነት አየው። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረን?» አለኝ ዝግ ብሎ።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ታገሥ። ፈተና…»

«አባ፣ እኔ ልታገሥ። ግዴለም፣ ለምጄዋለሁ። ልጅቷ ግን ገና ክርስትና አልተነሣችም፤ ስም እንኳ የላትም። እሷ በማን ስም ነው የምትታገሠው?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አባ ሴቶቹን «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ተቆጡና የልብስ ሰፊውን የቅቤ ማሰሮ ራሳቸው አንሥተው ከቤት ወጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ መንገዱም ሩቅ ነው፤ ማሰሮውን ለማንም አልሰጡም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እግዚአብሔር ይታዘበኛል።

በጠራራ ፀሐይ፣ በፊት ለፊቱ በር፣ ግቢው ሁሉ እያየ ዱቄት ገባልን። ሚስቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየቻቸው፣ አባን አየች፣ እኔን አየች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ገዓቱ ሲቀርብላት በላች። ለልጅቷ ብላ በላች። ሰዎቹ ሲወጡ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አራቆትከኝ።»

«ልጅቷ እኮ…»

«አውቃለሁ። ልጅቷ ትድናለች። እኔን ግን አራቆትከኝ።»

ልጅቷ ዳነች። ጡቱ ተመለሰ፣ ድምጿ ወፈረ፣ በቀኗ ክርስትና ተነሣች። የሃምሳ አለቃው ሚስት ክርስትናውን አላየችም፤ ባሏ ስለተዛወረ ቀድመው ሄደዋል። ሲሄዱ ዕቃቸውን መኪና ላይ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ከግቢው ሴቶች ልትሸኛት የወጣችው ሚስቴ ብቻ ነበረች፤ ልጅቷን አቅፋ ወጣች።

ጽዋው ግን አልተመለሰም። ተራችን ሲደርስ አባ በፍቅር «እናንተ ይቅርባችሁ፣ አትቸገሩ» ብለው ለሚቀጥለው ሰጡት። ዞሮ ሲመጣም እንዲሁ። እኔ የማታ ትምህርት ገብቼ አማርኛ አንብቤ፣ ያ በበቅሎ የሰደበኝ ሰውዬ ባለበት መጋዘን ዘበኛ ሆኜ ከተቀጠርኩ በኋላም እንዲሁ። ቤታችን ዱቄት ሞልቶ፣ እኛ ስማችን «የተቸገሩት» እንደሆነ ቀረ። ጽዋው አልፏት ሲሄድ ሚስቴ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች።

ፊደሉ የእኛም ነው፤ ያስተማሩኝ ቋንቋ ግን የሹሞቹ ነው። በእሱው ማንበብ እንደጀመርኩ በመጀመሪያ የፈለግሁት አባ ሁልጊዜ የሚጠቅሱትን፣ ሀብቱንና ልጆቹን አጥቶ አመድ ላይ ተቀምጦ ቁስሉን በገል ያክ የነበረውን ጻድቅ ታሪክ ነው። አባ የሚነግሩን መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነበር፤ ሁሉን አጣ፣ ታገሠ፣ ሁሉን አገኘ። በጣቴ እየተከተልኩ ሳነበው መሐሉ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ሰውየው ዝም አላለም። ይጮኻል፣ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ እግዚአብሔርን ና ተሟገተኝ ይላል። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣውም በሱ አይደለም። አጠገቡ ተቀምጠው በደኅና ቃል ሊያጽናኑት በሞከሩት ወዳጆቹ ላይ ነው። እዚያ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ጽናት አፍ መዝጋት ነው ብለው ነበር ያሳደጉን።

ይህን ለሚስቴ አነበብኩላት። «ጥሩ ተናግሯል» አለች። «ሚስቱ ግን ምን ሆነች? ከዚያ ወዲያ እሷን የጠየቃት አለ?» ፈለግሁ። አላገኘሁም።

አሁን ልጃችን ራሷ ወልዳለች። ያኔ ያደረግሁትን ዛሬም ቢደርስብኝ አደርገዋለሁ፤ ጽዋውን መሬት አስቀምጣለሁ። ሚስቴ ግን የማኅበሩ ቀን በቀረበ ቁጥር ያን ባለ ጥልፍ ነጭ ጨርቅ አውጥታ ታጥበዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ተኩሳ አጥፋ መደርደሪያው ላይ ታስቀምጠዋለች። ተይው ብያት አላውቅም። በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።