ዝሆኗ ቀድማ ሰማች

ዛሬ ረፋድ ላይ አንዲት ዝሆን ኩምቢዋን ወደ ቁርሳችን ዘረጋች፤ እኛ አርበኞች ጠመንጃ ይዘን ዝም ብለን አየናት።

ብንተኩስ ከማዶ የሰፈረው ጣሊያን ይሰማል። እሳት ብናነድ ጭሱን አውሮፕላን ያየዋል። ለዚህ ነው ማሽላችንን በጨርቅ ቋጥረን እዚህ መተማ በረሃ ካለው ፍል ውሃ ውስጥ የምንነክረው። ንፍሮው ድኝ ድኝ ቢሸትም ይበስላል።

ዝሆኗ እንፋሎቱን አሸተተችና ግልገሏን ወደ በረደው ውሃ መራችው። (እኔ ጀግናው ግን የመጣን ዕለት ዘልዬ ገብቼ እግሬ ተልጧል።)

ድንገት ጆሮዋን ዘርግታ ቀጥ አለች። ከዚያ ልጇን እየገፋች ጫካ ገባች።

“ተከተሏት!” አሉ መሪያችን አያ ተገኘ። “ያለ ነገር አልሸሸችም።”

ገና ዛፍ ሥር ከመግባታችን አውሮፕላኑ እያጓራ መጣ። ፍል ውሃውን ዞሮ ዞሮ ሄደ።

እሷ እዚያው አጠገባችን ልጇን ሆዷ ሥር ሸሽጋ ቆማለች።

ወዳጆቼ፣ እናንተንስ አውሬ አትርፏችሁ ያውቃል? እስቲ ንገሩኝ።

እኔ ዛሬ ቁርስ አልበላሁም። ድርሻዬን ውሃው ዳር ትቼላት መጥቻለሁ።