ጺም የሌለው ሽማግሌ

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት በሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ ለሌላ ሰው ላደርሰው የተሰጠኝ አንድ ቃል የራሴ ሆኖ ስለቀረ ነው። የባልና ሚስቱን ስም ቀይሬዋለሁ፤ እንድጽፈው ግን ፈቅደውልኛል።

የምሠራው በምሥራቅ ሱዳን፣ በቱነይድባ የስደተኞች ጣቢያ ለአንዲት ሱዳናዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በማስተርጎም ነው። ወላጆቼ ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን የተወለድኩት ገዳሪፍ ስለሆነ ዓረብኛውንም አማርኛውንም እችላለሁ። ባለሙያዋ ዶክተር አምና እሷም በሱዳኑ ጦርነት ከካርቱም የተፈናቀለች ናት። ሁሉንም ሰው በአንድ መንገድ አታክምም። እንቅልፍ እምቢ ያላቸውን እናት ውሃ ወረፋ ድረስ አብራቸው እየሄደች ታነጋግራቸዋለች። አርፎ መቀመጥ ከማይችል ወጣት ጋር እሷም ቆማ ታወራለች። "መግቢያውን የሚያሳየኝ ሰውየው ራሱ ነው" ትላለች።

ባልና ሚስቱ ሙላትና ጥሩ ግን አስቸገሯት። ከአገር ሲሰደዱ መንገድ ላይ ተጠፋፍተው፣ ጥሩ ብቻዋን መንደር ስምንት የሚባለው ድንበር አጠገብ ያለ የስደተኞች መቀበያ ገባች። እሱ ያገኛት ከወራት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ መጠለያ ውስጥ እያደሩ አይነጋገሩም። ለየብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ያወራሉ፤ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ያን ቀን ደግሞ ጊዜ አልነበረም። ሙላት በማግስቱ ማለዳ ለአጨዳ ድንበር ላይ ወዳሉት የፋሽጋ እርሻዎች ሊሄድ ነው። ጥሩ ለብቻዋ ስትሆን "ሳያናግረኝ ከሄደ ሲመለስ አያገኘኝም፤ ከሰላ ከተማ ያለችው እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ" ብላናለች።

ሁለቱን ፊት ለፊት ካስቀመጠች በኋላ ዶክተር አምና ወደ እኔ ዞረች። "በእናንተ ዘንድ የተጣሉ ባልና ሚስት እንዴት ነው የሚታረቁት?"

ሽማግሌ መሐል እንደሚቀመጥ ነገርኳት። ሁለቱም ለእሱ እንጂ እርስ በርስ አይናገሩም፤ ቃላቸውን የሚያደርሰው እሱ ነው።

"ኸላስ" አለች፤ በቃ ማለቷ ነው። "ወንበርሽን መሐላቸው አድርጊ። ሽማግሌያቸው አንቺ ነሽ።"

ፊቴ ጋለ። ያላገባሁ ልጅ ነኝ፤ ሰው ፊት ቀና ብዬ ማውራት እንኳ ይከብደኛል። ስነግራቸው ጥሩ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

"ደግሞ ጺም የሌለው ሽማግሌ!"

ሙላትም ፈገግ አለ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ነገሩ እኔንም ያስቀኝ ነበር። ሁለቱም አማርኛ እየተናገሩ፣ ሁለቱም እየሰሙ፣ እኔ አማርኛውን በአማርኛ አደርሳለሁ። በእኛ ሥራ ደግሞ "እንዲህ አለች" አይባልም፤ የሰውየውን ቃል ልክ እንደራስ አድርጎ ነው መናገር።

"እንዴት እንደከረምኩ አንድ ቀን አልጠየቀኝም በይው" አለች ጥሩ።

ወደ እሱ ዞሬ "እንዴት እንደከረምኩ አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም" አልኩት።

ሙላት የትከሻ ፎጣውን አጠማዘዘ። "ፈርቼ ነው በያት። እኔ በሌለሁበት መንገድ ላይ ምን እንዳገኛት አላውቅም። ከነገረችኝ በኋላ በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

አደረስኩ። ጥሩ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ።

"ጎኔ ተኝታ ትናፍቀኛለች።"

እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። ካርቱም አብሮኝ የተማረ ዮናስ የሚባል ልጅ አለ። ጦርነቱ ሲጀመር እናቱን ይዞ በመተማ በኩል ጎንደር ገባ። በየሳምንቱ "ደህና ነሽ?" ብሎ ይጽፍልኛል፤ "ደህና ነኝ፣ አንተስ?" እለዋለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር ተባብለን አናውቅም።

"ምነው ሽማግሌ፣ ለኔ የተላከውን ቃል ዋጥሽው?" አለች ጥሩ። "ሰምቼዋለሁ። ግን አድርሽልኝ።"

"ጎኔ ተኝተሽ ትናፍቂኛለሽ" አልኳት። እንባዬ መጣ።

ጥሩ ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ከእኔ አልፋ ወደ ባሏ ዞረች። "በል ልጅቱን አታስጨንቃት። አንተው በለኝ።"

እሱም አላት። ዶክተር አምና ትርጉም አልጠየቀችኝም፤ ወንበሬን ከመሐላቸው እንድስብ ብቻ በእጇ ጠቆመችኝ። ወደ በሩ ስሄድ ጥሩ "እንግዲህ መንደር ስምንት የገባሁ ዕለት..." ብላ ስትጀምር ሰማሁ።

አሁን ሳስበው ናፍቆቴ አልቀለለኝም፤ እንዲያውም ብሶብኛል። "ደህና ነኝ" በሚለው ቃል ውስጥ ግን አልደብቀውም።

በማግስቱ ማለዳ ሠራተኞቹን የጫነው ትራክተር ሲነሳ ጥሩን ከሩቅ አየኋት። የሽሮና የበርበሬ ፌስታል እያቀበለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "እንዳትቆይብኝ!" ትለዋለች። እኔ ኔትወርክ ወደሚይዝበት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ሻይ መሸጫ ሄድኩ። "ደህና ነህ?" ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ከዚያ የድምፅ መቅጃውን ተጭኜ፣ ሻይ ሻጯ እየሰማችኝ፣ "ዮናስ፣ ናፍቀኸኛል" አልኩና ላክሁለት።