ከላይ ወታደር፣ ከታች ሽርጥ

ፖሊሶቹ ግቢያችን ሲገቡ ሱሪዬ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። የዚያ ሁሉ ጣጣ መነሻው ይኸው ነው ብል የሚያምነኝ የለም። እኔም ሌላ መነሻ ፈልጌ አላገኘሁለትም።

ያን ዓመት አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቼ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ነበር። ጦሩ ከኮሌጅ ተማሪዎች እየመረጠ፣ የትምህርታቸውን ወጪ ችሎ፣ በዕረፍት ጊዜ እያሠለጠነ፣ ሲመረቁ መኮንን ያደርጋል ተባለና ተመዘገብኩ። አባቴ ሞቷል። ያ ዕድል ባይመጣ ኖሮ ትምህርቴን አቋርጬ ድሬዳዋ መመለሴ ነበር። የመጀመሪያው ሥልጠና አልቆ የደንብ ልብስ ሲሰጠን፣ ለእናቴ ላሳያት ብዬ በባቡር ወረድኩ። እሷም ቀኑን ሙሉ ከጎረቤት ጎረቤት አዞረችኝ። በማግሥቱ ሱሪው አቧራ ጠጥቷል ብላ አጠበችው።

በእኛ አገር ቀትር ላይ ወንድ ሁሉ ቤቱ ሲገባ ሱሪውን ጥሎ ሽርጥ ያገለድማል። ሙቀቱ ሌላ አያስለብስም። እኔም የአባቴን ሽርጥ አገለደምኩ። ሸሚዙን ግን እናቴ "ትንሽ ቆይበት፣ አይቼ አልጠገብኩትም" ስላለችኝ አላወለቅኩም። ጠዋት የከተማው ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ነበር። ጩኸቱን ከሩቅ ሰማሁ እንጂ ከበር አልወጣሁም። ፖሊሶቹ ተማሪ ፍለጋ ቤት ለቤት ሲዞሩ እኛ ዘንድ ያገኙት እንግዲህ ከላይ ወታደር፣ ከታች ባለሽርጥ የሆነ ሰው ነው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ አንደኛው ለጓደኛው።

"ተማሪ ነህ?" አለኝ ጓደኛው።

"አዎ።"

"የወታደር ልብስ ታዲያ ከየት አመጣህ?"

"ወታደርም ነኝ።"

ሁለቱም እውነት ነበር። አንድ ላይ ሲነገሩ ግን ለራሴም ውሸት መሰሉኝ። እጄን ይዘው ወደ ጣቢያ ወሰዱኝ። ሽርጤ እንዳይፈታ በሌላው እጄ ጨብጬ ነው የሄድኩት።

ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ ቀዳዳ ነበረች። ጥጉ ላይ ያለው ባልዲ ይሸታል። ከጠዋቱ ሰልፍ የታፈሱ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የአንዱ ዓይን አብጦ ተከድኗል። ከነሱ ራቅ ብሎ ሱማሌኛ ተናጋሪ የሆነ አንድ ጎልማሳ ሾፌር ግድግዳ ተደግፏል። ተማሪዎቹ ሸሚዜን ሲያዩ ወሬያቸውን ቆረጡ። "ጆሮ ጠቢ ነው" ሲል አንዱ ሰማሁት።

ውሃ ይዞ የገባው አስር አለቃ ደግሞ ትከሻዬ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ ሰላምታ ሊሰጠኝ እጁን አነሣ። ዓይኑ ወደ ሽርጤ ሲወርድ ግን እጁን መለሰና ጆሮውን አከከበት።

ሾፌሩ ሳቀ። "አቦ፣ አንተ የማን ነህ?" አለኝ።

"አላውቅም፣ አዴር" አልኩት። እኛ ሰፈር ሱማሌኛ ተናጋሪ ታላቅ ሰው ሁሉ አዴር ነው፣ አጎቴ እንደ ማለት።

"አላውቅም ይባላል እንዴ? እኔ ወላሂ ለምን እንደገባሁ አሳምሬ አውቃለሁ። ከጅቡቲ ጨርቅ አስገባህ አሉኝ፣ አስገብቻለሁ። በቃ! ና፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ፣ ንፋስ ትመጣለች።"

በዚያ ሰዓት ቀናሁበት። የራሱ የሆነ ጥፋት ነበረው።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው አዛዥ ወደሆነው መቶ አለቃ ቢሮ ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ሱሪዬ ተቀምጧል። እናቴ ገና በደንብ ሳይደርቅ በከሰል ካውያ ተኩሳ አምጥታው ነው። ሙሉ ልብሱን ቢለብስ ማንነቱ ይታወቅለታል፣ ይለቁታል ብላ። በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር ቆማ አየኋት። እሷ አላየችኝም።

መቶ አለቃው ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ በትሕትና አናገረኝ። ይህም ግራ አጋባኝ።

"አንተ ዕጩ መኮንን ነህ። ቦታህ እዚያ አይደለም። እነዚያ ልጆች ሰልፉን ማን እንዳስነሣው ያወራሉ፤ የሰማኸውን ትነግረኛለህ፣ ከእናትህ ጋር ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ትምህርትህንም ትቀጥላለህ።"

"እንቢ ካልኩስ፣ ጌታዬ?"

"ያኔ ተማሪ ነህ ማለት ነዋ።"

"ተማሪም ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ሁለቱን መሆን አይቻልም።"

"የተመለመልነው ሁለቱን እንድንሆን ነው" አልኩት።

ይህን ያልኩት ከድፍረት አልነበረም። ገብቶት ከሆነ እንዲያስረዳኝ ፈልጌ ነው። ለአፍታ እሱም ግራ የተጋባ መሰለኝ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠና ሱሪውን ገፋልኝ።

"ይዘህ ግባ። አስር አለቃው በሩን ሲከፍት ለብሰህ ካገኘህ ተስማምተሃል ማለት ነው፣ ትወጣለህ።"

ሱሪውን ታቅፌ ተመለስኩ። ተማሪዎቹ ሱሪውን አዩ፣ እኔን አዩ። ፈራሁ። ቤቴ መሄድ ፈለግሁ። ኮሌጁ፣ እናቴ፣ የዛፉ ጥላ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ።

"ስለ እናንተ እንድነግረው ይፈልጋል" አልኳቸው በመጨረሻ። "ምን እንደማደርግ ገና አላወቅሁም። ስለዚህ እኔ አጠገብ ምንም አታውሩ።"

ዓይኑ ያበጠው ልጅ በደኅናው ዓይኑ ትኩር ብሎ አየኝ።

ሾፌሩ የሱሪውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ዳሰሰ። "ጥሩ ጨርቅ ነው" አለ። "ልበሰው እንጂ፣ ልጄ። እኔ ብሆን እለብሰዋለሁ።"

እውነቱን ነበር፣ አልቀለደም። ምናልባት እሱ እንዲህ ባይል ኖሮ እለብሰው ነበር። በሰው አፍ ስሰማው ግን የማልችለው ነገር መሆኑን አወቅሁ። ተነሥቼ ሸሚዙን አወለቅሁ። በሥልጠናው መጀመሪያ ያስተማሩን የልብስ አስተጣጠፍ ነበር። ቁልፎቹን ሁሉ ቆለፍኩ፣ እጅጌዎቹን ወደ ኋላ መለስኩ፣ ኮሌታውን አቃናሁና ሱሪው ላይ አስቀመጥኩት።

በሩ ሲከፈት ለአስር አለቃው ሰጠሁት። "ለመቶ አለቃው አድርስልኝ" አልኩ።

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ራቁት ደረቴን አየ፣ ሽርጤን አየ፣ ልብሱን ብብቱ ሥር አደረገና ሰላምታ ሰጠኝ። ለእኔ ይሁን ለልብሱ አላውቅም። ስመለስ ተማሪዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ከሳምንታት በኋላ ለምን እንደታሰርኩ ሳይነገረኝ፣ ለምን እንደተፈታሁም ሳይነገረኝ ወጣሁ። የጦሩ ዕድል ቀረ፣ ኮሌጁም አብሮ ቀረ። ከተማችን ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ።

የተፈታሁ ዕለት እናቴ ሱሪውን በማጠቧ ራሷን ስትረግም አገኘኋት። አንቺ አይደለሽም፣ ልብሱን በገዛ እጄ ነው የመለስኩት አልኳትና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት።

"አጥፈህ ነው ወይስ እንዲሁ ጨማደህ?" አለችኝ።

"አጥፌ።"

"ደግ" አለች፣ ምሳዬን ልታቀርብ ተነሣች።

እሷ ካረፈች ቆየች። እኔም አርጅቻለሁ፤ ያን ጊዜ ወታደር ነበርክ ወይስ ተማሪ ብለው ዛሬም ቢጠይቁኝ አጥርቼ አልመልስም። የአባቴ ሽርጥ አልቆ ሌላ ገዝቻለሁ። ቀትር ላይ አገለድመውና በረንዳዬ ላይ ከላይ ምንም ሳልደርብ እቀመጣለሁ። የልጅ ልጆቼ ሰው ሲመጣ ሸሚዝ ልበስ እያሉ ይቆጡኛል። እሺ እላቸዋለሁ፣ አልለብስም።