የሰባት ወር ትራስ

የክሊኒኩ የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ይዛ መታጠቢያ ቤት ስትገባ፣ ሴትዮዋ ሰፊ ቀሚሷን ገልባ ሆዷን ታስተካክል ነበር። ሆዱ ትራስ ነው፤ በመቀነት ይታሰራል፣ በየወሩ ጥጥ ይጨመርበታል። ልጇን ሌላ ሴት አርግዛላታለች። ሰው አገር ድረስ የመጣችው ለዚሁ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ "ደረቅ" ሲሏት የኖሩት አማቷ ግን ታክማ አረገዘች ነው የሚሉት።

እሳቸው በቪዲዮ ደወሉ።

"እስቲ ዞር በይ፣ ልየው! እሰይ! ሰባት ወር ሞላሽ! ይኸው ዳንሽልኝ!"

"አዎ እማማ፣ ዳንኩ።"

ፈገግታዋ ከስልኩ ጋር ጠፋ። "ዳንሽ! በሽተኛ ነበርኩ እንዴ?" ሳሙናውን መሬት ላይ ወረወረችው። ከዚያ እንደ ኮረዳ እጥፍ ብላ አነሳችው።

ጽዳቷ ያገሯ ልጅ ናት፤ ዝም ማለት አልሆነላትም። "እህቴ፣ እሳቸው ፊት እንዲህ እንዳትጎነበሺ። ሰባት ወር እንዲህ አያጎነብስም። እኔ አራት ወልጃለሁ።"

"እሱንም አስጠኚኝ እንግዲህ!" አለች ጥርሷን ነክሳ።

ወገቧን ይዛ ወደ መጠበቂያው ክፍል ወጣች። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። ልጇን የተሸከመችላት ሴት ለምርመራ ተራ ትጠብቃለች፤ እግሯ አብጧል። ሴትዮዋን ስታይ እንደምንም ብድግ ብላ ቦታዋን ለቀቀችላት።

"ተቀመጪ!" ብላ ጮኸችባት። ሰው ሁሉ ዞረ። "ተቀመጪ አልኩሽ! እኔ የተሸከምኩት ጥጥ ነው!"

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እጇ ግን እንደለመደው ወገቧን እንደያዘ ቀረ።