ገበር የተነጠፈበት መደብ

የሰፈሩ ሰው መቀስ ይላታል። ስሙ የወጣላት ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ስለሚቆርጥ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ስለ ሆዱና ስለ አረማመዱ አንድ ሁለት ነገር ሳይሰማ አይወጣም። ሥራዋ ግን እንከን አይወጣለትም፤ ስለዚህ እየተሰደበም ይመለሳል።

ቤቷ ከታናሽ እህቷ ከሚጢ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። ሚጢ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ልጅ ስታባብል ውላ ማታ ድምፅዋ ተዘግቶ ትገባለች። እናታቸው፣ አባትየው ካረፉ ወዲህ፣ የሚኖሩት መቀስ ጋ ነው። በዚህ ነገር መቀስ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትሄደው። ማንም ሳይጠይቃት «እናቴ እኮ እኔ ጋ ናት» ሳትል የሚያልፍ ቀን የለም። የምትይዛቸውም እንደ እንቁላል ነው። ሳህን ሊያነሱ ሲሉ ሳህኑን፣ መጥረጊያ ሲይዙ መጥረጊያውን ትነጥቃቸዋለች።

«አርፈሽ ቁጭ በይ እማዬ! ለመቼ ነው የምታርፊው?»

እናቷም ቁጭ ይላሉ። ምን ያድርጉ።

ጣጣው የመጣው ከአጥሩ ማዶ ነው። ዝናብ ከቀረ ሰነባብቷል፤ የቧንቧ ውሃ ብቅ ይልና ለቀናት ይጠፋል። የመቀስ ሣር ገለባ ሆነ፤ ጽጌረዳዎቿም እሾህና እንጨት ብቻ ቀሩ። የሚጢ ግቢ ግን በዚያ ሁሉ ድርቅ አረንጓዴ ነው! ከአጥሩ ሥር እስከ በረንዳው ድረስ መሬት ለመሬት የሚሳብ ተክል ተነጥፎበታል። ቅጠሉ ትንንሽና ወፍራም ነው፤ በጣት ሲጫኑት ውሃ ያወጣል። በጋ ከክረምት አይረግፍም። ፀሐይ ወጣ ስትል ደግሞ ሐምራዊ አበባው ከዳር እስከ ዳር ይፈነዳል። ስሙን ሚጢም አታውቀው፣ ችግኝ ሻጩም አያውቀው፤ «ይሄ መሬት የሚያለብሰው» ይሉታል።

«የእህትሽን ግቢ አየሽው?» ይሏታል ደንበኞቿ፣ ልክ እየተለኩ። መቀስ መርፌ በአፏ ይዛ ሜትሯን ጠበቅ ታደርጋለች። ቀንታ ነበር። ሌላ ስም ልንሰጠው አንችልም፤ ቅናት ነው፣ ጨጓራ የሚልጥ ቅናት። ጠዋት ጠዋት ሜትሯን በአጥሩ ቀዳዳ አሾልካ ተክሉ ምን ያህል እንደተስፋፋ ስትለካ ብታዩዋት ታዝኑላት ነበር።

አበባው ብቻውን ቢሆን እንኳ ትችለው ነበር። እናቷ ግን እግር አበዙ። ጠዋት ነጠላ ጣል አድርገው ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ ማታ ፊታቸው ፈክቶ፣ የቀሚሳቸው ጫፍ አቧራ ለብሶ፣ ርቧቸው ይመለሳሉ።

«ምን ስታደርጊ ዋልሽ?»

«ምን አደርጋለሁ፤ ተቀምጬ።»

አንድ ቀን እራት ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «አልጋዬን ወደ ሚጢ ባዛውረው ብዬ አስባለሁ» አሉ።

መቀስ የጎረሰችው ትን አላት። እናቷ ከሄዱ የሰፈሩ ሰው ምን ይላል? እሱስ ይቅር፤ ምላስ አላት፣ ትመልስለታለች። ማታ ባዶ ቤት ስትገባ «መጣሽ?» የሚላት ማን ነው? አውጥታ አውርዳም ጥፋቱን ሁሉ በተክሉ ላይ ጣለች፤ እናቴን የወሰደብኝ ይሄ አበባ ነው፣ ከሚጢ የበለጠ ካበቀልኩ የትም አትሄድም አለች።

ሚጢን አንድ ቅርንጫፍ ስጪኝ ማለት ሞቷ ነው። ስለዚህ ሚጢ ሥራ በሄደችበት፣ እናቷም እዚያው በረንዳ ላይ ወንበራቸው ውስጥ ባሸለቡበት ሰዓት፣ ትልቁን የጨርቅ መቀስ በአጥሩ አሾልካ አንድ እቅፍ ቆርጣ አመጣች። በግቢዋም ለተክሉ መደብ በራሷ ሙያ ሠራች። ከልብስ የተረፈ ገበርና የዩኒፎርም ቁርጥራጭ በውሃ ነክራ ከሥር አነጠፈች፤ ጨርቅ ውሃ እንደሚይዝ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አፈር መለሰችበትና ቅርንጫፎቹን ልክ እንደ ስፌት በቀጥታ መስመር ሰካቻቸው። ከዚያ የገላ መታጠቢያ እጣቢ፣ የልብስ እጣቢ፣ የሳህን እጣቢ፣ ቤት ውስጥ የተገኘ ውሃ ሁሉ ወደ መደቡ ሄደ።

መጀመሪያ ቅጠሉ ተነፋ፣ አማረበት። መቀስ ልቧ አበጠ። ሚጢን በር ላይ ስታገኛት «ያንቺው ተክል ቀጨጭ አለ ልበል?» እስከማለት ደረሰች። ብዙም አልቆየ፤ ቅጠሉ ላሸቀ፣ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱ ጠቆረ። ደነገጠችና ውሃ ጨመረች። ይባስ ብሎ መሽተት ጀመረ።

እናቷን ሽታው አስወጣቸው። ጎንበስ ብለው አንዱን መዘዝ ቢያደርጉት ከነሥሩ መጣ፤ ከሥሩ ደግሞ ረጅም ሰማያዊ ገበር ተንጠልጥሎ ወጣ። እናትየው ጨርቁን አዩት፤ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ መቆም እስኪያቅታቸው ሳቁ።

«ምንድን ነው? ኪስ ሰፍተሽለት ነው?»

«እንዳይጠማው ብዬ ነው!»

«ሰምጦ ነው የሞተው ልጄ። ይሄ ነገር ውሃ አይፈልግም። እኔ ስተክለው ትንሽ አጠጣሁት፣ በቃ፣ ተውኩት።»

«አንቺ? አንቺ ነሽ የተከልሽው?»

«ታዲያ ሚጢ በምን ጊዜዋ? ችግኙን የገዛሁት እኔ፣ የቆፈርኩት እኔ። መቀስሽንም በአጥር ስታስገቢ አይቻለሁ። እንዳታፍሪ ብዬ ነው የተኛሁ የመሰልኩት።»

መቀስ ፊቷ ጋለ። ስትቀናበት የከረመችው ግቢ የገዛ እናቷ የእጅ ሥራ ነው፤ ያውም ለሌላዋ የተሰጠ። ይህ ከአበባውም ከአልጋውም በላይ ቆረጣት።

«ለእሷ ብቻ ለምን?» አለች፤ ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆኖ። «እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምን ታስነኪኛለሽ! ማንኪያ ሳነሳ ትነጥቂኛለሽ። እሷ ጋ ጠዋት ወጥታ ትሄዳለች፣ የፈለግኩትን ስሠራ እውላለሁ። እዚህ እንግዳ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ እንግዳ ልሁን?»

እናቷ ተንበርክከው ጨርቁን ከጭቃው መጎተት ጀመሩ። ተይው፣ እኔ አወጣዋለሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ቆመች። እናቷ እንዲህ ጭቃ ሲዝቁ ቆሞ ማየት ለመቀስ ከባድ ሥራ ነበር።

«መኮትኮቻዬ ማዶ ነው፤ አምጪልኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይሄ አፈር ይገለባበጥና ይድረቅ።»

መቀስ ወደ ማዶ ስትሻገር ሚጢ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«እትዬ! በደህና ነው?»

«እማዬ መኮትኮቻዋን ፈልጋ ነው። እኔ ግቢ ልትተክል።»

«እንዴ፣ አንቺ ጋ?» ሚጢ መኮትኮቻውን አነሳች፤ ግን አልሰጠቻትም። «እኔ ጋ እኮ ገና አልጨረሰችም። አልጋዋንም ላመጣ ክፍሉን አጽድቼ...»

ፊቷ ጭልም አለ። መቀስ ያንን ፊት አወቀችው፤ ስንት ወር በራሷ መስታወት ስታየው ከርማለች። ደስ አላት፤ አልዋሽላትም፣ በጣም ደስ አላት። ደስታው ግን በሩን አላሻገራትም፤ የሚጢ ከንፈር፣ ትንሽ ሳሉ መቀስ አሻንጉሊቷን ስትቀማት እንደሚሆነው፣ ሊንቀጠቀጥ ሲል አየች።

«ይዘሽው ነይ፣ አንቺው ስጫት» አለቻት። «ግን እንዳታግዢያት። እኔም አልነካም። ቁጭ ብለን እናያታለን።»