በሸክላው ውስጥ የሰማሁት በገና
እኔን ብሎ ዘፈን አዋቂ! ምን አባቴ አግብቶኝ ነው ግን?

ጣልያን አባቴን ከነበገናው ይዞት ሄዶ ወሬው ጠፍቶብናል። ታዲያ አንድ ቀን ከሮቢ ወንዝ ውሃ ቀድቼ በጣልያን ካምፕ በኩል ሳልፍ፣ ወፍራም ጅማት ሲያጉረመርም ሰማሁ። የአባቴ በገና መሰለኝ። እንስራዬን ወርውሬ «አባዬ!» እያልኩ በሩ ድረስ ሮጥኩ።

በር ላይ የቆመው ባንዳ በሳቅ ሞተ። «የዘፈን ሸክላ ነው እኮ፣ አንቺ! ባሕር ማዶ ያለ ጥቁር ሰው ነው የሚያንጎራጉረው።»

ቋንቋው አልገባኝም። ያ ወፍራም የጅማት ድምፅ ግን ዘፋኙን ከስር ከስር እየተከተለው አንጀቴን በላው። ሳላፍር «እባክህ አስደግምልኝ» አልኩት።

እንስራዬን ሰብሬ ስመለስ ለጎረቤታችን ለአሮጊቷ ነገርኳቸው። የአባቴ በገና መስሎኝ ነበር አልኳቸው።

«አንቺ ቂል፣» አሉኝ፣ «አባትሽ በሕይወት ቢኖርስ፣ ለነሱ ይደረድርላቸው ነበር?»