ትልልቆቹ ፊደላት

ባለቤቴ አናጢ ነበር፤ ኮምፒውተር የለመደው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ አሮጌው ኮምፒውተራችን አልከፈትም ሲል፣ የልጆቹ ፎቶ ጠፋ ብዬ ተብሰለሰልኩ። አንድ ወጣት ኮምፒውተር ጠጋኝ ፎቶዎቹን አትርፎ፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጭኖ አመጣልኝ። ስከፍተው ጽሑፉ የጉንዳን ሰልፍ ሆነብኝ።

«ምነው ልጄ፣ አበላሸኸው እኮ! የእኛ ፊደሉ ትልልቅ ነበር።»

«አዲስ ሲጫን ፊደሉ እንዲህ ነው፣ እማማ። የበፊቱን ሆን ብሎ ያሳደገው ሰው አለ።»

መነጽር አላደርግም ብዬ ስንት ዓመት ግግም ብያለሁ። «ዓይኔ ደህና ነው፤ ይኸው አነባለሁ!» ስለው ባለቤቴ፣ «አንቺማ ምን ጎድሎሽ» እያለ ይስቅ ነበር። ፊደሉን ማሳደጉን ግን አንድም ቀን አልነገረኝም።

ጠጋኙ ፊደሉን ቀስ በቀስ አሳደገው።

«በቃ» አልኩት። «እዚህ ላይ ነበር የተወው።»